እንቅርት ለማስወጣት «የሚያበራው ካሜራ» እስኪመጣ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከሞጣ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። እንቅርት የጀመራት ልጅ ሆኜ ነው፤ አሁን ግን በሁለቱም በኩል አድጎ ስትተኛ ያፍናታል። ባሕር ዳር ወስጃት ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት ተብላ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። እሷ ግን ፈራች። አንዲት ጎረቤታችን እንቅርቷን ካስወጣች በኋላ እጇ እየተኮማተረ፣ አፏ ዙሪያ እየደነዘዘ በካልሲየም ኪኒን ነው የምትኖረው። ‹ትንንሾቹ ዕጢዎች ተነክተው ነው› ብለዋታል። በቅርቡ ደግሞ እነዚያን ዕጢዎች በብርሃን የሚያሳይ ካሜራ ውጭ አገር እንዳለ ሰማሁ። እውነት ነው? እስኪመጣ ብንጠብቅ ይሻላል ወይስ ያለንን ሸጠን ውጭ እንውሰዳት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። መልሱን ላስቀድም። ካሜራው እውነት ነው፤ ይሠራልም። ግን እሱን ብላችሁ ቀጠሮውን አታሳልፉ። በሬ ሸጣችሁም ባሕር አትሻገሩ። እናትህ ሲተኙ የሚታፈኑት እንቅርቱ የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እንቅርት ሲቆይ ይብሳል እንጂ አይሻልም። እያደገ ወደ ደረት ከወረደ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ለሐኪሙም ለእሳቸውም ይከብዳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ከሥሩ ላስረዳህ። አንተ ከገባህ ለእናትህ በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። ከእኔ ይልቅ አንተን ነው የሚያምኑት።

እንቅርት የምንለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ ነው። ዕጢው አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከጀርባው ደግሞ ሌሎች ደቃቅ ዕጢዎች ተለጥፈውበታል። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። አብዛኛው ሰው አራት አለው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ሦስት ወይም አምስት ያለውም አይጠፋም። እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። አንዱ የሚመዝነው ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ አራቱ ተደምረው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞሉም።

ሥራቸው ከታይሮይድ ሥራ ጋር አይገናኝም። የእነሱ ድርሻ የደማችንን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ካልሲየም ዝቅ ሲል ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣል፣ ኩላሊት እንዳያፈሰው ያደርጋል፣ ቫይታሚን ዲንም ያነቃና አንጀት ከምግብ የበለጠ እንዲወስድ ያግዛል። ሆርሞኑ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕጢዎቹ ሥራ ካቆሙ ካልሲየም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። ካልሲየም ሲወርድ ነርቭና ጡንቻ ያለ ልክ ይነቃቃሉ። አፍ ዙሪያ ይነዝራል፣ የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ እጅ ይኮማተራል። ሲከፋ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሰውየው ያንቀጠቅጠዋል፣ የልብ ምትም ይዛባል።

ይህን የሰው ልጅ ያወቀው በብዙ ሰው ስቃይ ነው። በፈረንጆቹ 1879 ቪየና ውስጥ፣ በስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በቢልሮት ክሊኒክ፣ እንቅርቷ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት ሰውነቷ ሲኮማተር ተመዘገበ። ምክንያቱን ማንም አላወቀም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1880፣ ኢቫር ሳንድስትሮም የተባለ የስዊድን የሕክምና ተማሪ ስለ እነዚህ ዕጢዎች ጽሑፍ አወጣ። መጀመሪያ ያያቸው ውሻ ላይ ነበር፤ ከዚያ በሰው አስከሬን ላይ ፈልጎ አገኛቸው። ዕጢዎቹን ከካልሲየም ጋር ያገናኙት ደግሞ ማካለምና ፎግትሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1909 አሜሪካ ውስጥ፣ ዕጢዎቹ የወጡላቸው እንስሳት ካልሲየም ሲሰጣቸው መኮማተሩ እንደሚቆም አሳዩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1907፣ ሃልስቴድና ኢቫንስ የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች የዕጢዎቹን የደም ሥር በዝርዝር አሳይተው ነበር። እኔ ለእናትህ ጉዳይ ከሁሉ የምይዘው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቀዶ ሐኪሙን የሚፈትነው ምንድን ነው? አንደኛ ነገር ዕጢዎቹ አይለዩም። ቀለማቸው ቢጫ ያዘለ ቡናማ ነው። ዙሪያቸውን ስብ ከቧቸዋል፤ የሊምፍ ዕጢም አለ፤ ከታይሮይዱ ተገንጥላ የበቀለች እባጭም ትኖራለች። ሁሉም በመጠን ይቀራረባሉ። ትንሽ ደም ከነካቸው ደግሞ ጭራሽ አንድ ይሆናሉ። ሁለተኛ ነገር ቦታቸው አይታመንም። የላይኞቹ ብዙውን ጊዜ ከቦታቸው አይጠፉም። የታችኞቹ ግን ጽንስ ሳለን ታይመስ ከሚባለው ዕጢ ጋር ተያይዘው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ መንገድ ላይ ሊቀሩ ወይም አልፈው ደረት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ትልቅ እንቅርት ሲሆን ደግሞ እብጠቱ ራሱ ገፍቶ ከቦታቸው ያንቀሳቅሳቸዋል። እንደ እናትህ ዓመታት የቆየ የሁለት ወገን እንቅርት የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በተለያየ መንገድ ነው። ዕጢው ሳይታወቅ ከእንቅርቱ ጋር ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ወይም ዕጢው በቦታው ተቀምጦ ደም ቅዳው ይቆረጣል። ወይም ደም መልሱ ይዘጋና ዕጢው ደም አቁሮ ይጠቁራል። ደም ለማቆም የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሙቀትም ሊያቃጥለው ይችላል። ጎረቤታችሁ ላይ የትኛው እንደደረሰ ከሩቅ ሆኜ መናገር አልችልም። ግን ይህ በጎበዝ ሐኪም እጅም የሚያጋጥም ነገር መሆኑን ንገራት። በታተሙ ጥናቶች፣ ታይሮይዳቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ለጊዜው ካልሲየማቸው ይወርዳል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት ይድናሉ። ችግሩ ለዘለቄታው የሚቆይባቸው ልምድ ባለው እጅ ከ100 ውስጥ ከ1 እስከ 3 ገደማ ናቸው። ልምድ በሌለበት ቁጥሩ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ካሜራው።

በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ ቴኔሲ ውስጥ ያለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳተሙ። ለዓይን በማይታይ፣ የሞገዱ ርዝመት 785 ናኖሜትር በሆነ የኢንፍራሬድ ብርሃን አንገት ውስጥ ሲያበሩ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ራሳቸው መልሰው ያበራሉ። መልሰው የሚሰጡት ብርሃን ትንሽ ይለያል፤ ከ820 እስከ 830 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የእኛ ዓይን ከ700 ናኖሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሙ በባዶ ዓይኑ ምንም አያይም፤ ለዚህ ብርሃን የተሠራ ካሜራ ግን ያየዋል። ታይሮይዱም ትንሽ ያበራል። ፓራታይሮይዱ ግን በዚያ ጥናት ከሁለት እስከ አሥራ አንድ እጥፍ በልጦ ታየ። ለታማሚው የሚወጋ መርፌ የለም፤ ቀለም የለም፤ ጨረሩም እንደ ራጅ የሚጎዳ አይደለም። ዕጢው ውስጥ ይህን ብርሃን የሚሰጠው ንጥረ ነገር የትኛው እንደሆነ ሳይንሱ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። እኔን ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሐኪሞች በዓይናቸው ሲፈልጉት የኖሩት ዕጢ ምልክቱን በውስጡ ይዞ ነበር።

በኅዳር ወር አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2018፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት መሣሪያዎችን ፈቀደ። አንደኛው ፍሉኦቢም የሚባል የፈረንሳይ ካሜራ ነው። ከቁስሉ በላይ ይያዝና ምስሉን ስክሪን ላይ ያሳያል። የኦፕራሲዮን ክፍሉ መብራት ግን ወይ መጥፋት ወይ መደብዘዝ አለበት። ሁለተኛው ፒቲአይ ይባላል። ምስል የለውም፤ እንደ እስክሪብቶ ያለ ዘንግ ነው። ሐኪሙ የጠረጠረውን ነገር በጫፉ ይነካና ማሽኑ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፓራታይሮይድ ከሆነ ድምፅ ያሰማል። መብራት ማጥፋት አያስፈልገውም። ካሜራው ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ዘንጉ ደግሞ «ይህች ነገር ናት ወይስ አይደለችም?» ለሚል ጥያቄ ይመልሳል።

ውጤቱስ? በፈረንሳይ ሦስት ሆስፒታሎች 241 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያወዳደሩበት ጥናት በ2020 ታትሟል። ካሜራውን ከተጠቀሙት ወገን ካልሲየማቸው ለጊዜው የወረደባቸው 9.1 ከመቶ ነበሩ። ካሜራ ካልተጠቀሙት ወገን 21.7 ከመቶ። ዕጢ በስህተት ተቆርጦ የወጣባቸውም በግልጽ ቀንሰዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ጎረቤታችሁ ላይ የደረሰው ዓይነት፣ ለዘለቄታው የሚቀር ጉዳት ላይ ጥናቱ የተረጋገጠ ልዩነት አላሳየም። እንዲህ ያለው ጉዳት በቁጥር ትንሽ ስለሆነ በሁለት መቶ ሰው ልዩነቱን መያዝ ይከብዳል።

አንተ ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ግን የሚከተለውን ነው። ይህ ብርሃን ዕጢው የት እንዳለ ይናገራል። ዕጢው በሕይወት ይኑር አይኑር አይናገርም። የደም ሥሩ ተቆርጦ የሞተ ዕጢም ያበራል። ከሰውነት ወጥቶ ሳህን ላይ የተቀመጠም ያበራል። በረዶ ሆኖ የቆየም ያበራል። ስለዚህ አንድ ሐኪም አራቱንም ዕጢ ስክሪን ላይ ደምቀው አይቶ፣ ደስ ብሎት ቁስሉን ሰፍቶ፣ በሁለተኛው ቀን ታማሚዋ እጇ ሊኮማተር ይችላል።

ሌላም ችግር አለው። ብርሃኑ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ የሚሄደው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዕጢው በስብ ወይም በትልቅ እንቅርት ተሸፍኖ ከሆነ ካሜራው አያየውም፤ መጀመሪያ እጅ ገልጦ ማሳየት አለበት። ደግሞም የሚያበራ ሁሉ ፓራታይሮይድ አይደለም። ቡናማ ስብ አንዳንዴ ያበራል። የእንቅርት እባጮችም፣ በተለይ ኮሎይድ የሚባለውን ፈሳሽ ያዘሉት፣ ያበራሉ። እኛ ጎጃም ውስጥ በብዛት የምናየው ደግሞ እንዲህ ያለ ዓመታት የቆየ፣ እባጭ የበዛበት እንቅርት ነው። እንግዲህ ካሜራው የሚያሳስተው በእኛው ዓይነት በሽታ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ካሜራውን ለማጣጣል አልነገርኩህም። ልምድ ያለው ሐኪም በእጁ ሲይዘው እንጂ ልምድን ሊተካ እንደማይችል እንድታውቅ ነው።

የዕጢውን ሕይወት ለማየት የተሠራ ሌላ ዘዴ አለ። ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለም በደም ሥር ይሰጣል። ቀለሙ ከደም ጋር ይዞርና ደም የሚደርሰው ዕጢ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ያበራል። ደም ያልደረሰው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ የጄኔቫ ሐኪሞች ብዙ ሠርተዋል። ያገኙት ነገር ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ዕጢ ደም በደንብ ከደረሰው ታማሚው ከካልሲየም መውረድ ይተርፋል። አንድ ጤነኛ ዕጢ ይበቃል ማለት ነው። ቀለሙ ውስጥ አዮዲን ስላለ አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ቻይናዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። ጥቁር የካርቦን ቅንጣት ታይሮይዱ ውስጥ ይወጋሉ። ታይሮይዱና የሊምፍ ዕጢዎቹ ይጠቁራሉ፤ ፓራታይሮይዶቹ ሳይጠቁሩ ይለያሉ።

ካሜራው ከሁሉ በላይ ይጠቅማል ብዬ የማምንበት ቦታ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እንቅርቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ጀርባው ላይ በካሜራው ሲታይ ሳትታወቅ አብራ የወጣች ዕጢ ካለች ታበራለች። እሷን ወዲያው አንስቶ፣ አንድ ሚሊሜትር በሚያህል መጠን ከትፎ፣ አንገት ላይ ባለ ጡንቻ ውስጥ መትከል ይቻላል። የተተከለችው ዕጢ ከሳምንታት በኋላ አዲስ የደም ሥር አብቅላ ሥራ ትጀምራለች። ያለ ካሜራ ግን ይህ አይሠራም ማለት አይደለም። የወጣውን እንቅርት ገልብጦ፣ ደሙን አጥቦ፣ በደህና መብራት ጀርባውን መፈተሽ የማንኛውም ቀዶ ሐኪም ግዴታ ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል ካሜራው የለም። ይህንን ፍተሻ ሳናደርግ ግን እንቅርቱ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ወደ ናሙና መመርመሪያው ክፍል፣ አይሄድም።

የ1907ቱን ጉዳይ እመለስበታለሁ ብዬህ ነበር። ለአብዛኞቹ ፓራታይሮይዶች ደም የሚያደርሰው የታችኛው የታይሮይድ ደም ቅዳ ነው። ከእሱ ተገንጥላ ወደ ዕጢው የምትገባው ክር ፀጉር የምታክል ናት፤ ከተቆረጠች ብዙ ጊዜ ምትክ የላትም። ስለዚህ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ዋናውን ደም ቅዳ ከሩቅ አይቋጥርም። የታይሮይዱን የራሱን ሽፋን ተጠግቶ ትንንሾቹን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ይቋጥራል። ዕጢውን ከነደም ሥሩ ቀስ ብሎ ከታይሮይዱ ላይ ይገፋዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ ሥራ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ይሠራል። የእናትህን ዕጢዎች በዋናነት የሚያተርፈው ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ካሜራ ኖሮት እንቅርት ግን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚሠራ ሐኪም ይልቅ፣ ካሜራ ሳይኖረው ይህን ቀዶ ሕክምና አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ብትወስዳቸው እመርጣለሁ። ባሕር ዳር ላይ ጥበበ ግዮንም ፈለገ ሕይወትም ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው፤ ጎጃም ደግሞ እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የተለመደበት አገር ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ልምድ ከደጃፍህ ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ያለው ሐኪም ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

የሚቀጥለውን በድፍረት እናገራለሁ፤ ብዙ ስለማስብበት። የእኛ ሆስፒታሎች ገንዘብ ቢያገኙ መጀመሪያ መግዛት ያለባቸው ይህን ካሜራ አይመስለኝም። መጀመሪያ የካልሲየም ምርመራ ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሑድም ይሠራ። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ይግባ። በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ግሉኮኔት ከዎርዱ አይጥፋ። ካልሲትሪዮል የሚባለው የነቃ ቫይታሚን ዲ ፋርማሲ ላይ ይገኝ። ዕጢ የተጎዳባት ሴት ሕይወቷ የሚተርፈው በእነዚህ ነው። ካሜራው ከእነዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ እኔም ቀድሜ ደስ ይለኛል።

አሁን እናንተ ማድረግ የምትችሉትን ልንገርህ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። እኛ አገር ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል፤ አይደለም። «እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በብዛት ይሠራሉ ወይ? ዕጢዎቹን ፈልገው ይለያሉ ወይ? አንዷ አብራ ብትወጣ ይተክላሉ ወይ? በማግስቱ ካልሲየም ይለካል ወይ?» ብለህ በትሕትና ብትጠይቅ ደህና ሐኪም አይቀየምም። አንድ ተጨማሪ ጥያቄም አለ፦ «ሁለቱም ወገን መውጣቱ የግድ ነው ወይ?» አንዱ ወገን ብቻ ሲወጣ በሌላው ወገን ያሉት ሁለት ዕጢዎች አይነኩም፤ የካልሲየም አደጋው በጣም ይቀንሳል። በእናትህ ሁኔታ ሁለቱም ትልቅ ስለሆነ መልሱ «የግድ ነው» ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ምክንያቱን መስማት መብታችሁ ነው።

የታይሮይድ ሆርሞናቸው መለካቱን፣ አልትራሳውንድና የመርፌ ናሙና መሠራቱን፣ የድምፅ አውታራቸው መታየቱን አረጋግጡ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያው ጎን ነው የሚያልፈው። የቫይታሚን ዲ ምርመራም ከተቻለ ይሠራ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ቫይታሚን ዲ ያነሰው ሰው በኋላ ካልሲየሙ ቶሎ ይወርዳል፤ አስቀድሞ በመድኃኒት መሙላት ይቻላል። በነጠላና በቀሚስ ተሸፍነው ቤት ውስጥ የሚውሉ እናቶች ላይ ይህ እጥረት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ አገራችን የፀሐይ አገር መሆኑ አያታልልህ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ዋናዎቹ ናቸው። ካልሲየም በጣም የሚወርደው በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ በማግስቱ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ውሰደኝ» ቢሉህ እሺ አትበል። ሐኪሙ ቢያስወጣቸው እንኳ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ሰንብቱ። መኪና ላይ እያሉ እጃቸው ቢኮማተር ሞጣ እስክትደርሱ ማን ይረዳችኋል? አፍ ዙሪያ መንዘር፣ የጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ የባት መያዝ ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። ጉሮሮ መያዝ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ በዚያው ቅጽበት።

ይህን ስል አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። እጅ ሲኮማተርና ሰው ሲንቀጠቀጥ «ቡዳ በላት»፣ «ዛር ነው» ተብሎ ጭስ ሲጨስ፣ ዝንጅብልና ጤናዳም ሲፈለግ ሰዓት ይጠፋል። ጸሎቱ ይሁን፤ ግን መንገድ ላይ ይሁን። አንገቷ ላይ አዲስ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያላት ሴት ከተኮማተረች መጀመሪያ የሚታሰበው ካልሲየም ነው። መርፌው በደም ሥር ቀስ ተብሎ ሲሰጥ መኮማተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሲለቅ ታያለህ። ይህን ለአክስቶችህም ለጎረቤቶችህም አስቀድመህ ንገራቸው፤ አንተ ገበያ በሄድክበት ሰዓት ሊሆን ይችላልና።

መድኃኒቱ ላይም ሰው ይሳሳታል። ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ምትክ ሆርሞን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በተቃራኒው ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተዋጡ ካልሲየሙ ሆርሞኑን ይዞ አንጀት ውስጥ ያስቀረዋል። በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር። በጾም ጊዜ ብዙ እናቶች ኪኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆያሉ፤ ወይም ጸበል ጀምሬያለሁ ብለው ጭራሽ ያቆማሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ይህ አደገኛ ነው። የንስሐ አባታቸው ዘንድ አብረህ ሂድና በግልጽ አስረዳ፤ የታመመ ሰው ጉዳይ ለእነሱ አዲስ አይደለም። ጸበሉም መድኃኒቱም አንድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ።

ምግብን በተመለከተ ወተት፣ ዓይብና አሬራ ጥሩ ነው። ዳጉሳ ከእህሎቻችን ሁሉ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ጤፍም ደህና አለው። የዳጉሳ እንጀራ የድሃ ነው የሚሉ ሰዎችን አትስሟቸው። ግን ዕጢው ያልነቃለትን ሰው ምግብ ብቻውን አይሸፍነውም። ዕጢዎቹ እስኪያገግሙ ኪኒኑ የግድ ነው።

ለጎረቤታችሁም መልእክት አለኝ። ኪኒኑን በራሷ ፈቃድ አታቁም፤ በራሷ ፈቃድም አትጨምር። ከስድስት ወር በታች ከሆናት ገና የመዳን ተስፋዋ ሰፊ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነም ካልሲየሟ፣ ማግኒዥየሟና ኩላሊቷ በየጊዜው መለካት አለባቸው። ማግኒዥየም ካነሰ ካልሲየም ብትወስድም አይስተካከልም። ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል። እጇ አሁንም የሚኮማተር ከሆነ መድኃኒቷ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ልትታገሠው የሚገባት ነገር አይደለም። አንተ እናትህን ስትወስድ እሷንም ይዘሃት ሂድ።

እህቶች ካሉህ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች፣ ቤት ውስጥ ያለው ጨው አዮዲን ያለበት መሆኑን እዩ። አገራችን የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥታለች። ገበያ ላይ ግን በጆንያ የሚሸጥ ድፍን ጨው አሁንም አለ። አዮዲን ያለበትን ግዙ፣ ዕቃው ይከደን፣ ወጥ ውስጥ ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ እሳትና ፀሐይ አዮዲኑን ያባክኑታል። ጨው የእናትህን የቆየ እንቅርት አያጠፋም። የሚያድነው ገና ያላበጠውን አንገት ነው።

ለቀጠሮው ቀን የአልትራሳውንዱን፣ የናሙናውንና የደም ምርመራውን ወረቀት በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ሲተኙ መታፈኑ ከቀጠሮው በፊት ከባሰ፣ ወይም ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ድምፅ ከጀመረ፣ ቀኑን አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።